ጉሊቷን እያነሡ ስለ ተመጣጠነ ምግብ መምከር

ሰሞኑን በከተማችን ስለ ሥርዓተ ምግብ በተጠራ አንድ መድረክ ላይ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ሁለት ነገር አስተላልፈው ወረዱ። አንደኛው፣ የጎንደር ሕፃናት የሚቀነጭሩት እናቶቻቸው ስለ ተመጣጠነ ምግብ ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በየአስፋልቱ ዳር የተዘረጋው ጉሊት የከተማዋን ገጽታ ስለሚያበላሽና ዋጋም ስለሚያንር ተነሥቶ ራቅ ካለ አንድ ቦታ ይሰብሰብ የሚል ነው። ልጅሽን ጎመንና ቲማቲም አብዪ ተብላ የምትመከረው እናት፣ ጎመኑንና ቲማቲሙን እስከ ሰፈሯ የምታመጣላት ሴትም፣ በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለቱም ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ።

እንዲህ ያለው ንግግር መደጋገሙ ነው ያናደደኝ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲታወጅ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ይቆማል ተብሎ ነበር። የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲው በ2011 ዓ.ም. ጸድቋል። ቀነ ገደቡ አፍንጫችን ሥር ደርሶ ዛሬም ከመድረክ የሚወርደው መልስ እናቶችን እናስተምር የሚለው ከሆነ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ማን ምን ሲሠራ ነበር? የሀገሪቱ የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. በተከፈተባት ከተማ ውስጥ ሲነገር ደግሞ የበለጠ ያማል።

ግንዛቤ የሚባለውን ነገር ከወጥ ቤት ገብተን እንመርምረው። በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤቷ ትደርሳለች። ያላት አንድ የከሰል ምድጃ፣ ለሁለት ቀን የሚበቃ ከሰልና ግማሽ የደረሰ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ነው። ድፍን ሽምብራ ሳይዘፈዘፍ ቢጣድ ሰዓታት ይፈጃል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ሽሮ ግን ተቆልቶና ተፈጭቶ ያለቀለት ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለገበታ ይደርሳል። ጎመን ለመሥራት ሁለትና ሦስት ውሃ ማጠቢያ ያስፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያ ውሃ የነገ የመጠጥ ውሃ ነው። ስለዚህ ሽሮ ትሠራለች። ይህች ሴት የከሰሉን፣ የውሃውንና የሰዓቱን ሒሳብ ከማንም አማካሪ በተሻለ አስልታ የደረሰችበት ውሳኔ ነው። ግንዛቤ የላትም የሚሏት ሰዎች ያንን ከሰልና ያንን ጀሪካን ይዘው አንድ ሳምንት ቤተሰብ ቢመግቡ ከሽሮ ሌላ ምን ይሠሩ ነበር?

ቁጥሩም ቢሆን አይረዳቸውም። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው እንደቀነጨሩ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። በከተሞች 26 በመቶ፣ በገጠር 41 በመቶ ነበር። የከተማዋ እናት ጤና ጣቢያው በእግር መንገድ ላይ ነው፤ ሬዲዮ ትሰማለች፤ በየክትባቱ ምክር ይነገራታል። ይህ ሁሉ ትምህርት ባለበት ከአራት የከተማ ልጆች አንዱ የሚቀነጭር ከሆነ የጎደለው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። የሚለጠፈውን ፖስተርም ተመልከቱት፤ ፖምና ወይን ተሥሎበታል። ፖም በየትኛው የአዘዞ ጉሊት ላይ ነው የሚሸጠው?

እርግጥ ነው፣ ሊነገሩ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ግን ተመጣጠነ ምግብ የሚለው የጅምላ ስብከት ውስጥ የሉም። ዋናው የሙቅ ቅጥነት ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን ከጡት ወተት ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከዓመት በኋላ 550 ያስፈልገዋል። ሆዱ ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሙቁ በጡጦ እስኪወርድ ከቀጠነ ልጁ በውሃ ይጠግባልና ሦስቴም ቢመገብ አይደርስም። ገንፎው ከወፈረ ደግሞ መዋጥ ያቅተዋል። መፍትሔው ብቅል ነው። ገብሱ ይለቀምና ይታጠባል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ይጠለላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሥሩ የፍሬውን ቁመት ሲያክል በፀሐይ ይደርቃል፤ ሥሩና ቡቃያው ታሽቶ ይራገፍና ይፈጫል። ገንፎው ወፍራም ሆኖ ከበሰለ በኋላ ከእሳት ይወርዳል፤ ጣት የሚችለው ያህል ሲሆን በአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርበትና ይማሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል፤ የምግብ ኃይሉ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ፈላ ይደረጋል። የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ብቅሉ በብርቱ ከተቆላ ኃይሉን ያጣል፣ ገንፎው እየፈላ ከተጨመረም እንዲሁ፣ ከሻገተ ይጣላል። የማሽላ ብቅል ከሆነ ደግሞ ቡቃያው መርዛማ ነገር ስላለው ሳይራገፍ ለሕፃን አይሰጥም።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማነው? ጠላ የምትጠምቀው ሴት። በጎንደር ሰፈሮች ብቅል ማብቀል የማያውቅ የሴት እጅ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ያልተነገራት ያንኑ ብቅል በልጇ ገንፎ ላይ መጨመር እንደምትችል ብቻ ነው። እሱን ለመንገር ደግሞ የሁለት ቀን ሥልጠናና የሆቴል ምሳ አያስፈልግም፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከአንዲት ጠማቂ ጋር ቁጭ ብላ በአንድ ከሰዓት ታሳያለች።

የጾሙም ነገር እንደዚሁ ነው። ሕፃናትን ጾም አያስገድዳቸውም፤ ይህን እናቶች ያውቃሉ። ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ድስት አንድ ነው፤ እንቁላል የተሠራበት ድስት የጾም ወጥ ሊሠራበት ነው፤ ቢላዋውም አንድ ነው። ስለዚህ ልጁ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀን ከቤተሰቡ ጋር ይጾማል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ነው። በጾም ወራት ፈላጊ ስለሚቀንስ የእንቁላልና የወተት ዋጋ ከሌላው ጊዜ ይወርዳል፤ ለድሃ ልጅ እንቁላል የሚቀርበው ያኔ ነው። ስለ ግንዛቤ የሚሰብኩት ይህን የገበያ ነገር አንሥተው ሲናገሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ጉሊቱ። ንግግሩ ውስጥ ከሁሉ የደከመው ክስ ጉሊት ዋጋ ያንራል የሚለው ነው። ተናጋሪው የያዙት ስሌት ቀላል ነው፤ ጅምላው ላይ የአንድ ኪሎ ዋጋ ይህን ያህል ነው፣ ጉሊት ላይ መደቡ፣ ማለትም በቁጥር ተደርድሮ የሚሸጠው፣ በኪሎ ሲመታ ከዚያ ይበልጣል፣ ስለዚህ ባለ ጉሊቷ በዝባዥ ናት። በኪሎ ይበልጣል፤ አዎ። ግን በቀን ተቀጥሮ በቀን የሚከፈለው ቤተሰብ መቼ ነው ቲማቲም በኪሎ የሚገዛው? ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተገዛው ኪሎ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ይለሰልሳል። ወደ ቅዳሜ ገበያ ለመሄድና ለመመለስ ለባጃጅ የሚከፈለው በዚያ ኪሎ ላይ መደመር አለበት፤ ያን ደምሩና መደቡ ከኪሎው ይረክሳል። ለዚያ ቤተሰብ ትክክለኛው መስፈሪያ የዛሬ ማታ ወጥ ነው፤ ሦስት ቲማቲም፣ አራት ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ አንድ እስር ጎመን። ምግብን በዚህ መጠን ቆርሶ የሚሸጥ ሌላ አካል በከተማው ውስጥ የለም። ሱፐርማርኬቱ አይሸጥም፣ የሸማቾች ሱቅ አይሸጥም፣ ጅምላ ነጋዴው አይሸጥም። እሷ ብቻ ናት።

ደግሞስ መቁረስ ብቻ ነው ሥራዋ? ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከፎገራ በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በአይሱዙ ተጉዞ ይመጣል። የእንጨት ሳጥኑ ጥልቅ ነው፤ የታችኛው ረድፍ የላይኛውን ክብደት ተሸክሞ ይፈነዳል፤ የፈነዳው ፈሳሽ ጎረቤቱን ያርሳል፤ ያ የረጠበው በአንድ ቀን ይሻግታል። ባለ ጉሊቷ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ላይ ጭነት ሲራገፍ ተገኝታ ሳጥኗን ትረከባለች። ሰፈሯ እንደደረሰች ሣጥኑን ገልብጣ ትለያለች። ጠንካራውን ለነገና ለከነገ ወዲያ፣ የበሰለውን ለዛሬ፣ የተጎዳውን እየጠረገች ለየብቻ። የዛሬው ጠዋት በአንድ ዋጋ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ በግማሽ ይሸጣል። ከሽያጩ ማብቂያ ላይ የሚደርሱት ከሁሉ ድሃ የሆኑት ናቸው፤ ለእነሱ ልጆች ቲማቲም የሚገባው በዚያ ሰዓት ነው። ጎመኑን ከፀሐይ ለመከላከል በእርጥብ ጆንያ ትሸፍነዋለች፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው እየተነነ ያቀዘቅዘዋል። በክረምት ይኸው ጆንያ ቅጠሉን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ በክረምት ትገልጠዋለች። ከእርሻ እስከ ገበታ የሚባክነውን ምርት እንቀንስ እየተባለ ፕሮጀክት ይጻፋል፤ ብክነቱን በየቀኑ በእጇ የምትቀንሰዋን ሴት ግን ደንብ አስከባሪ ያባርራታል።

የሥርዓተ ምግቡን ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ግጠሙት። ጤፍና ሽምብራ ብረት አላቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ፋይቴት የተባለ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። የእንጀራው መቡካት የተወሰነውን ይፈታል። የቀረውን የሚያግዘው በዚያው ገበታ ላይ የሚገኝ ቫይታሚን ሲ ነው። ያ ቫይታሚን ያለው ቃሪያው፣ ቲማቲሙና ሎሚው ውስጥ ነው፤ እሳት ስለሚያጠፋውም ቃሪያው በጥሬው ወይም ወጡ ሊወርድ ሲል ቢገባ ይሻላል። ቡናውና ሻዩ ደግሞ ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ፣ ምክንያቱም ብረቱን መልሰው ይይዙታል። እንግዲህ የሽሮው ብረት ወደ ደም እንዲገባ የሚያደርገው በየማታው ከጉሊት የሚገዛው ያ ሁለት ቃሪያ ነው። የጎመኑና የካሮቱ ቫይታሚን ኤም ጥቂት ዘይት ካላገኘ በከንቱ ያልፋል፤ ዘይቱንም በሊትር መግዛት ያልቻለችው ሴት በጥቂቱ ተለክቶ የምታገኘው እዚያው ሰፈሯ ነው።

ጉሊቱ ራቅ ወዳለ ሜዳ ሲሄድ ምን ይሆናል? ይህን ለመገመት ጥናት አያስፈልግም። እናቲቱ ከሥራ ስትመለስ ከ11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መንገዷ ላይ የምታገኘው ነገር ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ትወጣለች። በሳምንት አንዴ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ቶሎ የሚጠወልገውን ነው፤ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን። የሚቀረው ሽንኩርት፣ ሽሮና ዘይት ነው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የምግብ ስብጥር ቀነሰ የሚል ጥናት ይወጣና እንደገና እናቶች ግንዛቤ የላቸውም ይባላል።

ሻጯም ራሷ እናት መሆኗ ይረሳል። ሳጥኑን የምትወስደው ብዙ ጊዜ በዱቤ ነው፤ ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ትከፍላለች። አንድ ቀን ዕቃዋ ቢወሰድባት የሄደው የዕለት ትርፏ ብቻ አይደለም፤ ያልከፈለችው የሰው ገንዘብ ነው። ለሁለተኛ ቀን ሳጥን የሚሰጣት የለም፤ ዕቁቧ ይቋረጣል፤ ያን ሳምንት ልጇ የሚበላው ከገበያ የተረፈ ነገርም አይኖርም። እሷ ራሷ ለአምስትና ለስድስት ጎረቤት እስከ ደመወዝ ዱቤ የምትሰጥ ናት። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲበጠስ የሚራበው ቤት አንድ አይሆንም። መንገድ በተዘጋባቸውና ጭነት በቀረባቸው ሳምንታት ሰፈሮችን ያቆየው ይህ ዱቤ እንደነበር ጎንደር ውስጥ ለሚኖር ሰው አይነገርም።

የንጽሕናው ክስ ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ አቧራ አለ፣ የመኪና ጭስ አለ፣ ፈሳሽ ቱቦ አጠገብ የሚዘረጋ አለ። ግን ለዚህ መልሱ ማባረር ነው? ባለችበት ሰፈር ከመንገዱ ጥቂት ገባ ያለች ቦታ፣ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ፣ ከላይ ጥላ፣ አንድ የቧንቧ ውሃ፣ ለ20 ሻጮች ቢያንስ አንድ መጸዳጃ፣ ማታ ማታ የሚነሣ የቅጠል ቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ጥላው የሚያስፈልገው ለውበት አይደለም፤ ቅጠል ፀሐይ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ውሃውን ያጣል፤ የቧንቧ ውሃ ከሌለ ደግሞ ጎመኑ የሚረጨው ከየትም በተቀዳ ውሃ ነው። በቀሃና በሽንታ ወንዞች ዳር የሚመረተው አትክልት የከተማ ፍሳሽ ስለሚነካው ቅጠሉን በጥሬው መብላት አይመከርም፤ አምራቾቹ ከመልቀማቸው ጥቂት ቀን አስቀድመው ውሃ ማጠጣት ቢያቆሙ፣ ገዢዎቹም አብስለው ቢበሉ አደጋው ይቀንሳል። ይህን ለአምራቹም ለገዢውም ልታስተላልፍ የምትችለው መሐል ላይ የተቀመጠችው ሻጯ ናት።

ስለ ምግብ ደኅንነት ካነሣን የባልትና ሴቶችን ዘለን ልናልፍ አንችልም። ደምቢያና ፎገራ የጓያ ስብራት፣ ማለትም ጓያ የተባለውን ጥራጥሬ አብዝቶ በመብላት የሚመጣው የእግር ሽባነት፣ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ የብዙ ወጣት እግር ያሰረው እዚሁ ነው። ጓያ ድርቅን ይችላል፣ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ዛሬም ከሽምብራና ከአተር ሽሮ ጋር ይደባለቃል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን ለመለየት ይከብዳል። የሚለየው ሳይከካ በፍሬው ነው፤ የጓያ ፍሬ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ መጥረቢያ የመሰለ ነው፣ ሽምብራ ደግሞ አፍንጫ አለው። ይህን ስትለቅም የምትጥለው ሴት ናት ለከተማው ሽሮ የደኅንነት ፍተሻ የምታደርገው። ለመብላት የተገደደ ሰው በብዙ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ቢደፋ መርዙ ይቀንሳል፤ ቆልቶ መፍጨት ብቻውን አያጠፋውም። በርበሬውም እንዲሁ፤ ክብደት እንዲጨምር ውሃ ተረጭቶበት በጆንያ የታፈነ በርበሬ ውስጡ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል። ልምድ ያላት ባለ ባልትና ዛላውን ሰብራ ውስጡን ታያለች፣ ታሸታለች፣ ስታነቃንቀው ፍሬው ካልተንቀጫቀጨ አልደረቀም ብላ ትመልሳለች። እነዚህ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው እርጥበት መለኪያ አንድ መሣሪያና ንጹሕ ማድረቂያ ሸራ ቢያገኙ የከተማው በርበሬ ግማሽ ችግሩ ይቃለል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጡት ማጥባትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሕጉ ራሱ ይናገራል። እናት ስድስት ወር፣ ማለትም 180 ቀን፣ ጡት ብቻ ታጥባ ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የቀረውን 90 ቀን ማን ያጥባ? ያውም ይህ ለተቀጠረችው ነው፤ ጉሊት ላይ ላለችው፣ በሰው ቤት ልብስ ለምታጥበው አንድም ቀን የለም። ታልቦ የተቀመጠ የጡት ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከ25 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ይህን በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ እንደሚቻል መንገር ይጠቅማል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ገበያው አጠገብ ሕፃን የሚቀመጥበት አንድ ክፍል መኖሩ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ሲጀመር የዶሮ እርባታ በየቤቱ ይስፋፋል ተብሎ ደስ አሰኝቶ ነበር። ዶሮዋን መስጠት ግን የሥራው ጥቂቱ ነው። የተሻሻለ ዝርያ ያላት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ አሥር ዶሮ በወር ከ33 እስከ 36 ኪሎ መሆኑ ነው። የሐበሻ ዶሮ ጓሮ ለቅማ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ የተሻሻለችው መኖዋ ከተሟላ ከ200 በላይ፣ መኖዋ ከጎደለ ግን መጣሉን ታቆማለች። መኖ ያልታሰበላት ሴት ሦስት ወር ሳይሞላ ዶሮዎቿን ለበዓል ትሸጣቸዋለች፤ ከዚያ ፕሮግራሙን አልተጠቀሙበትም ይባላል። ፈንግል የተባለው ዶሮ ፈጂ በሽታ ክትባት በጊዜው ካልተሰጠ ደግሞ መሸጥም ሳይደርስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። የዛጎል ፍርፋሪ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልተጨመረላት እንቁላሉ ልፍስፍስ ይሆናል፣ ዶሮዋ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ወተት ላይ ደግሞ የጠላና የአረቄ ጠማቂዋ አተላ ላም ላላት ጎረቤቷ ይሄዳል፤ ከዚያ ወተቱ ለሰፈሩ ይመለሳል። ይህ ዑደት በሴቶች እጅ ለዘመናት ሲዞር የኖረ ነው። ለላሟ የሚሰጠውን ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት፣ ግን በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙን በወተቷ ታስተላልፋለች፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ጉሊቱ ወዴት ይሂድ ተብሎ ከመወሰኑ በፊት ከቅዳሜ ገበያ እስከ ማራኪ፣ ከፒያሳም እስከ አዘዞ ባሉት መንገዶች ላይ ማታ ከ11 እስከ 2 ሰዓት ማን ምን እንደሚሸጥ፣ ማን በምን መጠን እንደሚገዛ፣ ስንቱ በዱቤ እንደሚሄድ ይቆጠር። ጥቂት ተማሪ፣ ደብተርና አንድ ሳምንት ይበቃዋል፤ ዩኒቨርሲቲያችን ይህን ለመሥራት የሰው እጥረት የለበትም። ቆጠራው በእጃችን ሲገባ ሻጮቹ ራሳቸው፣ በተወካይ ሳይሆን በአካል፣ ሳጥናቸውን ሸጠው በጨረሱበት ሰዓት ይጠሩና ቦታውን አብረው ይምረጡ። ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከተጠራ አንዲትም አትመጣም፤ በዚያ ሰዓት ቲማቲም እየለየች ነው።